ባንኮክ ስትሄዱ ታክሲ ውስጥ አትታሰሩ

ከአገራችን ወደ ታይላንድ የሚሄደው ብዙው ሰው ወይ ታማሚ ይዞ ነው፣ ወይ ዕቃ ሊያመጣ። ሁለቱም የሚያባክኑት ጊዜ የላቸውም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴን ለማሳከም ነበር። ሱኩምቪት መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን፣ በእግር ቢሆን ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ቦታ ሳንደርስ ቀጠሮዋ አለፈ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሱቫርናቡሚ ኤርፖርት እንጀምር። ምድር ቤቱ ውስጥ ወደ ከተማ የሚሄድ ባቡር አለ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ፓያ ታይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ዋጋው 45 ባህት። ለልብስ ንግድ ፕራቱናም የምታርፉ ከሆነ ከፓያ ታይ በፊት ባለችው ራችፕራሮፕ ውረዱ፣ ገበያው ቅርብ ነው። ቡምሩንግራድ ሐኪም ቤት ያለበት ናና አካባቢ ከሆነ ማረፊያችሁ ግን ፓያ ታይ ላይ ባቡር መቀየር አለ። ሻንጣ ወይም ታማሚ ከያዛችሁ አትድከሙ፣ ታክሲ ያዙ።

ታክሲ ስትይዙ አዳራሹ ውስጥ “ታክሲ፣ ታክሲ” እያለ የሚጠጋችሁን አትስሙት። ከመድረሻው አዳራሽ አንድ ፎቅ ዝቅ በሉና ከማሽኑ የተራ ወረቀት ቁረጡ። ሜትሩ ከ35 ባህት ይጀምራል፤ የኤርፖርት 50 ባህት ይጨመራል፤ በክፍያ መንገድ ከሄዳችሁም ክፍያው የእናንተ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት “ሚተር” በሉ። እምቢ ካለ በሩን ዝጉና ሌላ ጥሩ። ግራብና ቦልት የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎችም ይሰራሉ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ታዩታላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ግን የትኛውም መኪና አያድናችሁም። ዝናብ ከጣለማ ጭራሽ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሴን ሴፕ የሚባል ቦይ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በላዩም የሕዝብ ጀልባ ይሄዳል። ናና ኑዋ ከሚባለው ማቆሚያ ተሳፍራችሁ ፕራቱናም ትወርዳላችሁ፤ ሐኪም ቤቱም ገበያውም በአንድ መስመር ማለት ነው! ዋጋው 20 ባህት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ውሃው ያሸታል፣ አልዋሽም፤ ከጎን ያለውን ላስቲክ በገመድ ሳብ ካላደረጋችሁትም ይረጫችኋል። ጀልባው የሚቆመው ለሰኮንዶች ስለሆነ ፈጠን ብላችሁ ተሳፈሩ፣ ፈጠን ብላችሁ ውረዱ። በዚህ ምክንያት ለታማሚና ለአረጋውያን አልመክርም። ምሽት ላይም ያቆማል።

ከመንገዱ በላይ የሚሄደው ቢቲኤስ የሚባለው ባቡርና መሃል ከተማ ላይ ከመሬት በታች የሚሄደው ኤምአርቲ ንጹሕና ፈጣን ናቸው፤ ትኬታቸው ግን የተለያየ ነው፣ አንዱን በሌላው አትገቡም። ቤተ መንግሥቱን ለማየት በቢቲኤስ ሳፋን ታክሲን ውረዱና ከሥሩ ካለው ወደብ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ ያዙ። ደጃፉ ላይ “ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ” የሚል የቱክቱክ ሹፌር ካገኛችሁ እለፉት። የጌጣጌጥ ሱቅ ነው የሚያደርሳችሁ። ቱክቱክ ያው የእኛ ባጃጅ ነው፣ ዋጋ ሳትስማሙ አትግቡ።

ከባንኮክ ወጣ ስትሉ ደግሞ ሶንግቴው ታገኛላችሁ። የአዲስ አበባን ውይይት ታክሲ የሚያስታውስ ሰው አይቶ ይስቃል፦ ፒካፕ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት አግዳሚዎች። ረዳት የለውም፣ “ወራጅ አለ” አይባልም፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ደወል ትጫኑና ወርዳችሁ ለሹፌሩ ትከፍላላችሁ። ፓታያ ላይ ዋጋ ጠይቃችሁ ከገባችሁ ኮንትራት ይሆንባችኋል፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ግቡ።

በሰሜን ወዳለችው ቺያንግ ማይ ከተማ ለመሄድ የማታውን የመኝታ ባቡር እመርጣለሁ። የታችኛው አልጋ ሰፋ ይላል። ከ2023 ጀምሮ የሚነሳው ከአዲሱ ትልቅ ጣቢያ ነው፣ ከክሩንግ ቴፕ አፒዋት፤ የድሮው ሁዋ ላምፖንግ የሚወስዳችሁ ሹፌር እንዳይኖር ስሙን ጽፋችሁ ያዙ። ከሚያዝያ 13 እስከ 15 በፈረንጆች አቆጣጠር ሶንግክራን፣ አዲስ ዓመታቸው፣ ነው። አገሩ በሙሉ ስለሚንቀሳቀስ ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ትኬቱ ላይ 19:00 ካለ በእኛ የምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ሞተር ሳይክል መከራየት የሚያምራችሁ ወጣቶች፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድና የራስ ቁር ከሌላችሁ ተዉት። ያለ ፈቃድ ነድታችሁ ብትጎዱ ኢንሹራንሱ ላይከፍላችሁ ይችላል። ፓስፖርታችሁንም መያዣ አድርጋችሁ አትስጡ። እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፤ ልጅ ከያዛችሁ እጁን አትልቀቁ።