ሳቢሳ በየወገኑ፦ የውኃ ወፍ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ። አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ይንጎራደዳሉ። እኔ አዲስ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቡናማ፣ አንገተ አጭር፣ ሸምበቆ ሥር የቆመ፣ 1»። ትንሽ ቆይቶ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ነጭ ወፍ ብድግ ብሎ በረረ። «ነጭ፣ 1» ብዬ ጨመርኩ። ሁለት ዓይነት ወፍ በአምስት ደቂቃ! ጀልባ የሚያጥበው ልጅ ደብተሬን አጮልቆ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ያው ነው። ሲቀመጥ ቡኒ፣ ሲነሳ ነጭ።»

ልክ ነበር። ስኳኮ ሄሮን ይባላል። ክንፎቹ ነጭ ናቸው፤ ሲቀመጥ ግን ቡናማው የጀርባ ላባ እንደ ካባ ይሸፍናቸዋል። ልጁ መጽሐፍ አላነበበም፣ በየቀኑ ግን ያየዋል። እኔ አንብቤ መጥቼ ተሳሳትኩ። ያን ቀን የጀመርኩትን የስህተት ዝርዝር ላካፍላችሁ። አብዛኛው የራሴ ነው፤ የቀረውን አብረውኝ ከሚወጡ ጓደኞቼ ለቅሜዋለሁ።

ከቀለም መጀመር

የሁሉም ስህተት እናት ይቺ ናት። ወፍ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚይዘው ቀለሙን ነው። ውኃ ዳር ግን ቀለም ያታልላል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ «ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ» ብትሉ ቢያንስ አምስት ዓይነት ወፍ አቤት ይላችኋል።

እስቲ ነጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ከብት ሥር ከብት ሥር የሚለው፣ አጭር ቢጫ ምንቃር ያለው፣ አገጩ ሥር ያበጠ የሚመስለው ካትል ኤግሬት ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ አናቱ፣ ደረቱና ጀርባው ቢጫማ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ «አዲስ ወፍ አገኘሁ» የሚል ጀማሪ አይጠፋም። ቀጠን ያለ፣ ምንቃሩ ጥቁር፣ እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ግን ቢጫ ከሆኑ ሊትል ኤግሬት ነው። ቢጫ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። ጭቃ ውስጥ ሲቆም ካልሲው አይታይም፤ እግሩን እስኪያነሳ መጠበቅ ነው።

ቁመቱ ረዝሞ አንገቱ እንደ እባብ የተቆለመመ ከሆነ ግሬት ኤግሬት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ በትልቁና በሊትል ኤግሬት መሐል ኢንተርሚዲየት ኤግሬት የሚባል መካከለኛ አለና። የሚለያቸው ምልክት የአፍ መስመር ነው። በትልቁ ወፍ ምንቃሩ የሚከፈትበት መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። በመካከለኛው ግን ዓይኑ ሥር ሲደርስ ያቆማል። ይህን ለማየት ቀረብ ማለት ወይም ጥሩ መነጽር መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሌላችሁ «ትልቅ ነጭ ኤግሬት መሰል» ብላችሁ እለፉት።

አምስተኛው ስፑንቢል ነው። ምንቃሩ እንደ ጭልፋ ጫፉ ላይ ይሰፋል። ውኃ ውስጥ ነክሮ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ ወጥ የሚያማስል ነው የሚመስለው። እሱን ለመለየት ቀለም ጭራሽ አያስፈልግም።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ይሁን፦ ቁመና፣ ምንቃር፣ እግር፣ የሚሠራው ሥራ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀውን ጥቁር ወፍ ውሰዱ። ኮርሞራንት ነው ወይስ ዳርተር? ሁለቱም ይጠቁራሉ፣ ሁለቱም ክንፋቸውን እንዲያ ያሰጣሉ። የኮርሞራንት ምንቃር ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፤ የዳርተር ግን እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ የሾለ ነው። ዳርተር ሲዋኝ ደግሞ ሰውነቱ ሰጥሞ አንገቱ ብቻ ብቅ ይላል።

መጠንን በግምት መጻፍ

ባዶ ጭቃ ላይ ለብቻው የቆመ ወፍ የፈለጋችሁትን ያህል ሊያክል ይችላል። በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ከመሬት ሲንቀለቀል፣ ትንሹ ወፍ ዶሮ አክሎ ይታያችኋል።

መፍትሔው የምታውቁትን ወፍ መለኪያ ማድረግ ነው። እኔ ኢጂፕሺያን ጉስ የሚባለውን፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ምልክት ያለውን ዝይ እጠቀማለሁ። የትም ሐይቅ ብትሄዱ አይጠፋም። «ከዝይው ያነሰ፣ ከርግብ የበለጠ» ብሎ መጻፍ «መካከለኛ» ከማለት ይሻላል።

መጠን ራሱም አንዳንዴ ያሳስታል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ሩፍ የተባለ ወፍ ወንዱ ከሴቷ በግልጽ ይበልጣል። አብረው ሲበሉ ያያቸው ሰው ሁለት ዘር ናቸው ብሎ ይምላል። እኔም ምያለሁ። ፔሊካን ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት ዓይነት ሆነው ሳለ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ትልቁ ነጭ ፔሊካን ሲበር ክንፉን ከሥር እዩት፦ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ጥቁር፣ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። ትንሹ፣ ፒንክ ባክድ የሚባለው፣ ግራጫማ ነው፤ ያን የመሰለ ድንበር የለውም።

የመጽሐፉን ሥዕል እንደ መታወቂያ ፎቶ ማየት

መጽሐፍ ላይ ያለው ወፍ ሠርግ የሚሄድ ወፍ ነው። ለብሶ፣ አጊጦ ነው የተሳለው። እኛ ጋ የሚመጣው ግን የሥራ ልብሱን ለብሶ ነው።

ዳክዬዎቹን እንይ። ሾቭለር፣ ፒንቴይልና ጋርጋኒ የሚባሉት ከመስከረም ጀምሮ ወደኛ ይገባሉ፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። ሲደርሱ ወንዶቹ ያን የሚያምር ላባቸውን አራግፈዋል። ሁሉም እንደ ሴቶቹ ዥንጉርጉር ቡናማ ናቸው። ጥቅምት ላይ መጽሐፍ ይዞ አረንጓዴ አናት ያለው ሾቭለር የሚፈልግ ሰው ዳክዬ በሞላበት ሐይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጋርጋኒማ ይብሳል፤ ወንዱ ልብሱን የሚቀይረው ዘግይቶ፣ እስከ ጥር ቆይቶ ነው።

ታዲያ በምን እንለያቸው? በቅርጽ። ሾቭለር ምንቃሩ አካፋ ነው፤ ከጭንቅላቱ ይረዝማል። ፒንቴይል አንገቱ መለል ያለ ነው። ጋርጋኒ ትንሽ ናት፣ ፊቷ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር አላት። ደጋ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምናገኘው የሎው ቢልድ ዳክ የሚባለው ደግሞ ምንቃሩ እንደ ሎሚ ቢጫ ስለሆነ አያስቸግርም።

ሩፍ የተባለውም ስሙን ያገኘው ወንዱ በመራቢያ ጊዜ አንገቱ ዙሪያ ከሚያወጣው ትልቅ የላባ አንገትጌ ነው። እኛ አገር ሲከርም አንገትጌው የለም። ቡናማ ጀርባ፣ ትንሽ ጭንቅላት፣ ሞላ ያለ ሆድ፣ አለቀ።

ልጆቹንም አትርሱ። ፍላሚንጎ ሲያድግ ነው ሮዝ የሚሆነው፤ ጫጩቱና ወጣቱ ግራጫ ናቸው። ቀለሙ እስኪሞላ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል። ሮዝ መንጋ መሐል ግራጫ ካያችሁ ሌላ ወፍ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ነው።

ስሙ የሚለውን ምልክት መፈለግ

ይህን ስህተት ሌላ ሰው ሲጽፍበት ስላላየሁ በደንብ ልናገረው። ብዙ ወፍ ስሙ የወጣለት በማይታይ ነገር ነው።

ገፈርሳ ግድብ ዳር አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ብሉ ዊንግድ ጉስን ፈለግኩ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የማይገኝ ዝይ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ነው የምፈልገው። ፊት ለፊቴ ሣሩ ላይ አራት ግራጫማ ቡናማ ዝዮች ይግጣሉ፣ እኔ በላያቸው አሻግሬ አያለሁ። በኋላ ውሻ መጣና ተነሱ። ያኔ ሰማያዊው ቦግ አለ። ሲቆሙ ተሸፍኖ ነበር። ከሰማያዊው ይልቅ መመልከት የነበረብኝ አካሄዳቸውን ነው፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ጀርባቸው ላይ አስደግፈው ነው የሚሄዱት።

ዋትልድ አይቢስም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ። ስሙ አገጩ ሥር የተንጠለጠለች ሥጋ ይላል። ሥጋዋን ለማየት ግን አፍንጫው ድረስ መቅረብ አለባችሁ። ሲበር ክንፉ ላይ የሚታየው ትልቅ ነጭ ነገር ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ሬድ ኖብድ ኩት የሚሉት ጥቁር ዋናተኛስ? ቀያይ እብጠቶቹ ጎላ ብለው የሚታዩት በመራቢያው ጊዜ ነው። በሌላው ጊዜ ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ ጠፍጣፋ ፈልጉ።

በአማርኛ ስም ላይ መደገፍ

ስም የለንም አልልም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ግለጡ፤ የማይበሉት ወፎች ዝርዝር ውስጥ ጋጋኖ፣ የውኃ ዶሮ፣ ይብራ፣ ሽመላና ሳቢሳ ተሰልፈዋል። ውብ ስሞች ናቸው። ችግሩ አንዱ ሽመላ ያለውን ሌላው ሳቢሳ ይለዋል። የአንዱ ሰፈር ይብራ ለሌላው ሰፈር ዳክዬ ነው። ጽሑፉ ራሱ «ሳቢሳ በየወገኑ» ብሎ ነው ያለፈው፤ ወገኑን እናንተው ለዩት ማለቱ ይመስለኛል።

የውኃ ዶሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሁን የነገርኳችሁን ባለነጭ ግንባር ኩት ብዙ ሰው የውኃ ዶሮ ይለዋል። ሙርሄን የሚባለውንም እንዲሁ። ሙርሄን ግን ግንባሩ ቀይ፣ የምንቃሩ ጫፍ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጭረት ያለው ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የአማርኛውን ስም ስትጽፉ አጠገቡ ምልክቱን ጨምሩ።

ቦታውን አለመጠየቅ

ወፉን ከማየታችሁ በፊት የቆማችሁበትን ውኃ እዩ። ጨዋማ ነው ወይስ ጣፋጭ? ዓሣ አለው? ትንሹ ፍላሚንጎ የሚበላው ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ አልጌ ነው። ጥቁር የሚመስል ምንቃር አለው፣ ሮዝነቱም ደመቅ ይላል። ትልቁ ገርጣ ያለ ነው፤ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል።

ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ፔሊካን ይወልድ ነበር፤ ለምግብ ግን ወደ ሌላ ሐይቅ ይበር ነበር፣ ሻላ ዓሣ ስለማይበረክትበት። ድሮ አቢጃታ ቅርብ መሶቡ ነበረች። አቢጃታ ግን ሸሽታለች፣ ዓሣዋም ጠፍቷል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተጻፈ መጽሐፍ ስለ አቢጃታ የሚለውን ይዛችሁ ብትሄዱ ሌላ ሐይቅ የመጣችሁ ይመስላችኋል። እንዲሁም ለደቡብ አፍሪካ ወይም ለአውሮፓ የተዘጋጀ መጽሐፍ ገፈርሳ ላይ አያዋጣም። የአፍሪካ ቀንድን የሚሸፍን ፈልጉ።

ጆሮን ቤት ጥሎ መውጣት፣ ፀሐይን ፊት ለፊት መቆም

ሁለቱም አጫጭር ናቸው። አዲስ አበባ ከነጋ ጣሪያ ላይ የሚያንቧርቅብን ያው ዋትልድ አይቢስ ነው፤ ድምፁን ካወቃችሁ ገና ሳታዩት ትጽፉታላችሁ። ሩዤስ ሬል የሚባለው የደጋ ረግረግ ወፍም መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጅራቱን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ከሥሩ ነጩ ይታያል።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ከተማ ያለችው በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ከሰዓት ብትመጡ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው፤ ጥላ ቆጥራችሁ ትመለሳላችሁ።

ለፎቶ ብሎ ማባረር

ስልክ ይዞ እየተጠጉ፣ እየተጠጉ፣ ጠቅላላ መንጋውን ማስነሳት። ተቀምጦ የነበረው ወፍ ሄደ፣ የቀረው የጀርባው ፎቶ ነው። ጀልባ ከተከራያችሁ ለባለጀልባው «ሞተሩን አጥፋና ዝም ብለን እንቁም» በሉት። ጉማሬ ባለበት አካባቢ ደግሞ ሸምበቆ ውስጥ በእግር መግባት አይታሰብም። የዓሣ ሰዎቹን ጠይቁ፣ ጉማሬው የት እንዳደረ ያውቃሉ።

ባዶ መስመር መፍራት

በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገሮች የውኃ ወፍ ቆጠራ አለ፤ እኛ አገርም ይካሄዳል። ቆጠራ ላይ የተሳሳተ ስም ካልታወቀ ስም ይከፋል። አንድ ሰው ደፍሮ የጻፈው ብርቅ ወፍ ለዓመታት መዝገብ ውስጥ ይኖራል፣ ከዚያ ማን ያወጣዋል?

ባለፈው ወጣሁና ጭቃ ላይ የሚሯሯጡ ትናንሽ ግራጫ ወፎች መንጋ አጋጠመኝ። ድንቢጥ ያክላሉ። ሊትል ስቲንት ሳይሆኑ አይቀሩም። እግራቸው ጥቁር ይሁን አረንጓዴ ጭቃው አላሳየኝም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ውኃ ውስጥ ገብተው አልታጠቡልኝም። ደብተሬ ላይ ያለው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ትንሽ፣ ግራጫ፣ ሯጭ፣ እግሩ ጭቃ፣ አልለየሁም፣ 23»።