ድንበር ተሻጋሪ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ሲመረመር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ አገር ሦስት ልጆች ሳልሞኔላ በተባለው በምግብ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ተቅማጥና ትኩሳት ቢይዛቸው ወረርሽኝ ገባ የሚል የለም። በዚያው ወር በሌሎች አሥር አገሮች ሦስት ሦስት ልጅ ቢታመም ግን የሁሉም መነሻ አንድ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ችግሩ እያንዳንዱ አገር የሚያየው የራሱን ቁራጭ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ቁራጮቹ እንዳይገጣጠሙ፣ ሲብስም ያለቦታቸው እንዲገጠሙ የሚያደርጉ ናቸው። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባክቴሪያውን ሳያበቅሉ መቅረት

ሥራው የሚጀምረው ከሰገራ ናሙና ነው፤ ናሙናውም በሽተኛው አንቲባዮቲክ ሳይጀምር መወሰድ አለበት። በአገራችን ትኩሳት ሲታይ በብዛት የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ እዚህ አይረዳም። ዊዳል የሚፈልገው ሰውነት ታይፎይድን ለመከላከል በደም ውስጥ የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከ2,500 በላይ ከሆኑት የሳልሞኔላ ሴሮታይፖች (ንዑስ ዓይነቶች) አብዛኞቹ ደግሞ ከታይፎይድ ጋር አይገናኙም። ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ከሌላ አገር በሽተኛ ጋር የሚነጻጸር ባክቴሪያ በእጃችን አይቀርም።

ሀብታሞቹ አገሮችም ከዚህ ጉድለት አላመለጡም። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ በሰዓታት ውስጥ «ሳልሞኔላ አለ» ይላል፤ ሐኪሙ መልሱን ካገኘ በኋላ ናሙናው ይጣላል። ስለዚህ በፒሲአር ፖዘቲቭ የሆነ ናሙና ሁሉ ወደ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ወደ ማብቀል) ይላክ፤ የበቀለው ባክቴሪያም በጥልቅ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ሌላ አገር ከሁለት ወር በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

የቀንና የሰዓት አቆጣጠርን መቀላቀል

ትንሽ ጉዳይ ቢመስልም ጉዳቱ ከባድ ነው። በሕሙማን መዝገብ ላይ «12/4/2014» ተብሎ ቢጻፍ፣ እኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ብለን እናነበዋለን፤ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 21 ቀን 2021 ማለት ነው። መረጃው የደረሰው የውጭ ባለሙያ ግን ኤፕሪል 12 ወይም ዲሴምበር 4 ቀን 2014 አድርጎ ያነበዋል። ያ በሽተኛ ከወረርሽኙ መዝገብ ወጣ ማለት ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የሳልሞኔላ ምልክት ብዙውን ጊዜ የተበከለው ምግብ ከተበላ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይታያል። «2 ሰዓት ላይ አስታወከኝ» ያለ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ከሆነ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 8፡00 ነው። የ6 ሰዓት ስህተት ጥርጣሬውን ከእራት ወደ ምሳ ያዞረዋል። ወሩን በስሙ መጻፍ፣ አቆጣጠሩን መጥቀስ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ማለት በቂ ነው።

በዘረመል ቁጥር ብቻ መታመን

የሁለት በሽተኞች ባክቴሪያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዘረመሉ፣ ሲነበብ ልዩነቱ ጥቂት የዘረመል ፊደላት ብቻ ከሆነ መነሻቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዞች በአብዛኛው የ5 ፊደል ልዩነትን እንደ ወሰን ይወስዳሉ፤ ሌሎች የሚቆጥሩት ግን የተለወጡ ጂኖችን ነው። የአንዱ «5» ከሌላው «5» ጋር እኩል ስላልሆነ በኢሜይል ቁጥር መለዋወጥ ያሳስታል። መለዋወጥ ያለበት ገና ያልተተነተነው ጥሬ የጂኖም ንባብ ነው፤ አንድ ላብራቶሪ የሁሉንም በአንድ ዘዴ ይተንትነው።

የጊዜ ወሰንን በዘንድሮ ብቻ ማጥበብም ያሳስታል። በ2017 በፈረንሳይ ክራኦን ከሚገኝ የወተት ፋብሪካ በወጣ የሕፃናት ወተት ዱቄት ሕፃናት ታመሙ፤ ከስፔንና ከግሪክም ሕሙማን ተገኙ። የበሽታው መንስኤ ሳልሞኔላ አጎና በ2005 በዚያው ፋብሪካ ምርት የተነሳው ወረርሽኝ ዝርያ ነበር። በደረቅ ፋብሪካ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ሳልሞኔላ ዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ የቆዩ ናሙናዎችም ይፈተሹ።

ምግቡን ቸኩሎ መሰየም

የገበሬ ኑሮ የሚያፈርሰው፣ ሕዝቡም ቀጣዩን ማስጠንቀቂያ እንዳያምን የሚያደርገው ስህተት ይህ ነው።

በ2008 በአሜሪካ ከ1,400 በላይ ሰዎች በሳልሞኔላ ሴንትፖል ታመሙ። በጁን ወር ቲማቲም ተወንጅሎ ሕዝቡ እንዳይበላ ተነገረ። በጁላይ ግን ባክቴሪያው ከሜክሲኮ በመጣ ቃሪያ ላይ ተገኘ። ሁለቱ በሳልሳ ውስጥ አብረው ይበላሉ፤ በሽተኛው ቲማቲሙን ያስታውሳል፣ ከቲማቲሙ ጋር የተከተፈውን ቃሪያ ግን ይረሳል።

በ2011 በጀርመን የሆነው ሳልሞኔላ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ኢ ኮላይ የተባለ ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ ያስነሳው፣ ከ50 በላይ ሰዎች የሞቱበት ወረርሽኝ ሲነሳ የሃምቡርግ ከተማ የስፔንን ኪያር ወነጀለች። ኪያሩ ላይ ኢ ኮላይ ተገኝቶ ነበር፤ ዝርያው ግን ሕሙማኑን ካጠቃው ኦ104 የተለየ ነበር። የኋላ ኋላ የተደረሰበት ምንጭ ከግብፅ በመጣ ዘር የበቀለ የአብሽ ቡቃያ ነው። ቡቃያ መብላታቸውን ያስታወሱት ሕሙማን ጥቂቶች ነበሩ። መርማሪዎቹ መውጫ ያገኙት «ምን በላህ?» የሚለውን ትተው «የትኛውን ምግብ አዘዝክ?» ብለው በመጠየቅና የምግቡን አሠራር ከወጥ ቤቱ በመውሰድ ነው።

በተግባር ሲሠራ፣ መጀመሪያ ከ5 እስከ 10 ከሚሆኑ ሕሙማን ጋር ሰፊ ክፍት ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ከመታመማቸው በፊት የነበሩት 7 ቀናት እያንዳንዳቸው ይጠየቃሉ። ከዚያ የተደጋገሙት ምግቦች ወደ አጭር መጠይቅ ገብተው በዕድሜና በሰፈር የሚመሳሰሉ ጤነኞችም ይጠየቃሉ። ከሕሙማን 80 በመቶው ዶሮ በልተው ቢገኙ፣ ከጤነኞቹም 80 በመቶው ከበሉ ዶሮውን የሚያስወነጅል ነገር የለም። የገበያ ደረሰኝና የሱፐርማርኬት የደንበኛ ካርድ ከትዝታ የበለጠ ይታመናሉ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲጠየቁ ደግሞ የአገሩ መጠይቅ ብዙ ያመልጠዋል። ክትፎ፣ ዳጣ፣ በሻንጣ የመጣ በርበሬና ሚጥሚጣ በዝርዝሩ ላይ የሉም፤ ከቤተሰብ የተላከ ዕቃ የባች (በአንድ ጊዜ የተመረተ ምርት) ቁጥርም የጉምሩክ ሰነድም የለውም። ጠያቂው «ያን ሳምንት ጾም ነበር?» ብሎ ቢጀምር አንዱ መልስ ሥጋውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን በአንድ ጊዜ ሊለይለት ይችላል። «ሰሊጥ በልተዋል?» ሲባል «አልበላሁም» የሚል ሰው ከሰሊጥ የሚሠራውን ሐላዋ መብላቱን ሊነግርህ ይችላል፤ ስለዚህ ምግቡ ቤት ውስጥ በሚጠራበት ስም ይጠየቅ።

ነጌቲቭ ውጤትን እንደ ንጽሕና ማስረጃ መውሰድ

ስሌቱን እንመልከት። ከአንድ ባች ውስጥ ከየ100 ናሙና አንዱ ብቻ የተበከለ ይሁን። 5 ናሙና ብትመረምሩ ብክለቱን የማግኘት ዕድላችሁ 5 በመቶ ገደማ ነው። 60 ብትመረምሩ 45 በመቶ ይሆናል፤ 95 በመቶ ለመድረስ 300 ናሙና ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ናሙና 25 ግራም ነው።

በቸኮሌት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ካካዎ ራሱ ባክቴሪያ እንዳያድግ ስለሚያፍን፣ ባክቴሪያው እንዲባዛ ናሙናው በሚቆይበት በመጀመሪያው የማበልጸጊያ ፈሳሽ ላይ ስብ አልባ የወተት ዱቄት ወይም ኬዚን (የወተት ፕሮቲን) ካልተጨመረ ውጤቱ በሐሰት ነጌቲቭ ይሆናል። በሌላ በኩል የቸኮሌቱ ስብ ባክቴሪያውን ከጨጓራ አሲድ ስለሚከልል በጣም ጥቂት ባክቴሪያ ሕፃን ያሳምማል።

የ2022ቱ የኪንደር ቸኮሌት ወረርሽኝ ይህንን ሁሉ አሳይቷል። በቤልጂየም አርሎን በሚገኘው ፋብሪካ በዲሴምበር 2021 በአሬራ ታንክ ውስጥ ሳልሞኔላ ተገኘ። ጽዳት ተደርጎ፣ ቀጣዩ ምርመራ ነጌቲቭ ሲሆን ምርቱ ወደ ገበያ ወጣ። ብሪታንያ የሕሙማኗን ስብስብ ለአውሮፓ ያሳወቀችው በፌብሩዋሪ 17 ሲሆን፣ ፋብሪካው የተዘጋው በኤፕሪል 8 ነው። እስከ ሜይ አጋማሽ 324 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ ከ10 ዓመት ያልበለጡ ልጆች ናቸው። ጥርጣሬውን ወደ ቸኮሌቱ የመራው የወላጆች ቃለ መጠይቅ ነበር። ሕሙማኑ በግልጽ ወደ አንድ ምርት ሲጠቁሙ የላብራቶሪ ፖዘቲቭ እስኪገኝ መጠበቅ ልጆችን ያስከፍላል።

ዱካውን ሱቅ ላይ ማቆም

የአውሮፓ ሕግ ማንኛውም ነጋዴ ከማን እንደገዛና ለማን እንደሸጠ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። መርማሪው እያንዳንዱን በሽተኛ ለየብቻ ይዞ ከሱቅ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ አስመጪ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ነው የሚፈለገው። መገናኛው የማሸጊያ ጣቢያ ከሆነ ገና አላለቀም፣ ለጣቢያው ያቀረቡት እርሻዎች ብዙ ናቸውና። ነጥቡ ሲገኝ ደግሞ ወደ ፊት ተመልሶ ያ ባች የደረሰባቸውን አገሮች ሁሉ መዘርዘር ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የመልስ ጉዞ ነው።

ይህ የእኛንም ሰሊጥ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ቁጥጥር ከሚጠነክርባቸው ምርቶች መካከል ነው። ከየገበሬው የተሰበሰበው በአንድ መጋዘን ሲደባለቅ የባች ቁጥሩ ትርጉም ያጣል፤ አንድ ብክለት ሲገኝም መለየት ስለማይቻል ጭነቱ በሙሉ ይመለሳል።

ዘግይቶ ማሳወቅ

የበሽታ ባለሙያና የምግብ ተቆጣጣሪ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለሚቀመጡ አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳይሰማ ሳምንታት ያልፋሉ። መስመሮቹ ተዘርግተዋል፤ በሽታው በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ በኩል፣ ምግቡ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት በጋራ በሚመሩት የምግብ ደኅንነት መረጃ መረብ፣ ኢንፎሳን፣ በኩል ያልፋል። ደንቡ ዓለም አቀፍ ስጋት ሊሆን ይችላል ተብሎ ከተገመገመ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ያዛል። ምንጩ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምርቱ ከመደርደሪያ ሲወርድ ፋይሉን መዝጋት

ቸኮሌት፣ ሰሊጥ፣ ሐላዋና የወተት ዱቄት በቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ለወራት ይቆያሉ፤ ሳልሞኔላውም አብሯቸው። ከመታመም ተነስቶ በሽተኛው የወረርሽኙ አካል መሆኑ እስኪረጋገጥ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚታየው የቁጥር መውረድ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ምርቱ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ የታመመ ሰው ሲገኝ ማሸጊያው ይጠየቅ፤ የባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ በፎቶ ይያዝ። የባች ቁጥሩ ከገበያ ከተሰበሰቡት ውጭ ከሆነ ዝርዝሩ ጎድሏል ወይም ፋብሪካው ዛሬም እየበከለ ነው። በደረቅ ማምረቻ ክፍል ውስጥ ወለሉ በውኃ መታጠቡንም ጠይቁ፤ በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ያንቀላፋ ባክቴሪያ ውኃ ሲያገኝ ይባዛል።