ስለ አየርና ስለ ውሃ በስቴት ምክር ቤት ፊት እንዴት ትሟገታላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ስለምንተነፍሰው አየር፣ ስለምንጠጣው ውሃ፣ ሰፈራችን አጠገብ ስለሚከፈተው ቆሻሻ መድፊያ ብዙው ነገር የሚወሰነው በየስቴቱ ምክር ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ቀንና ሌሊት የሚያወራው ስለ ኮንግረስ ስለሆነ ግን ብዙዎቻችን የስቴት ተወካያችንን ስም እንኳ አናውቅም። እኔም ለዓመታት አላውቅም ነበር። ያወቅኩት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ከባድ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ እያደሩ የልጄ አስም ሲብስባት፣ ለማን አቤት እንደምል ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙ፦ ረቂቅ ሕግ የሚሞተውም የሚድነውም ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ረቂቁን ቀድመው የሚመረምሩት ጥቂት የምክር ቤት አባላት ማለት ነው። እኛ የምንነቃው ደግሞ ጉዳዩ ዜና ሲሆን፣ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ነገር አልቋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካላንደር ክፈቱ። ጊዜው አጭር ነው። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ትሰበሰባለች። ኮሎራዶ 120 ቀን አላት። ዋሽንግተን ስቴት እንደ 2027 ባለ ጎዶሎ ቁጥር ዓመት 105 ቀን፣ እንደ 2028 ባለው ደግሞ 60 ቀን ትሰበሰባለች፤ ቨርጂኒያ ግልባጩ ናት፣ ረጅሙ የ60 ቀን ጉባኤ የሚውለው እንደ 2028 ባለ ተጋማሽ ቁጥር ዓመት ነው። ቴክሳስ በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጎዶሎ ዓመት፣ ለ140 ቀን ነው የምትሰበሰበው፤ እዚያ አንድ ጉባኤ አመለጣችሁ ማለት፣ ገዢው ልዩ ጉባኤ ካልጠራ በቀር፣ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። በነዚህ ቀናት መሃል ደግሞ የቁርጥ ቀኖች አሉ። በአንደኛው ምክር ቤት እስከዚህ ቀን ያላለፈ ረቂቅ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም የሚባልበት ቀን ማለት ነው። የስቴታችሁን ምክር ቤት ድረ ገጽ ከፍታችሁ እነዚህን ቀኖች ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ከዚያ ተወካዮቻችሁን ፈልጉ። የቤት አድራሻችሁን እዚያው ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ስማቸው ይወጣል። ሁለት ምክር ቤት ስላለ አንድ ሴናተርና አንድ ወይም ከዚያ በላይ ተወካይ ይኖራችኋል። ነብራስካ ብቻ 49 አባላት ያሉት አንድ ምክር ቤት ነው ያላት። ስማቸውን ስታገኙ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ እዩ። ረቂቁን የሚመለከተው ኮሚቴ ውስጥ የእናንተ ሰው ካለ ስልካችሁ እጥፍ ዋጋ አለው፤ የሚሰጡትን ድምፅ ከዚያው ሰፈር የሚጠይቃቸው ሰው አለ ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ሁሌ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ዜጋ አይደለሁም፣ ይሰሙኛል ወይ?» አዎ። ተወካይን ለማነጋገር ወይም ኮሚቴ ፊት ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። መንግሥትን አቤት የማለት መብት በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ውስጥ የተጻፈ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮሚቴ ፊት የምትናገሩት ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ይቀረጻል፣ የምትልኩት ጽሑፍም ለሕዝብ ክፍት መዝገብ ይሆናል። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው አስቀድሞ ጠበቃውን ቢያማክር ይሻላል።

አንድ ረቂቅ ብቻ ምረጡ። በአንድ ጉባኤ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ የሚያልፍ ረቂቅ ይቀርባል፤ ሁሉንም እከታተላለሁ ያለ ሰው አንዱንም አይከታተልም። በስቴታችሁ ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ጉባኤው ሲከፈት ትኩረት የሚሰጧቸውን ረቂቆች ዝርዝር ያወጣሉ። ከዚያ ውስጥ ኑሯችሁን የሚነካውን ያዙ። ቁጥሩን፣ አቅራቢውንና የተመራበትን ኮሚቴ ጻፉ። ከዚያ ረቂቁን ራሱን አንብቡት። ቋንቋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን አብዛኛው ስቴት አጭር ማብራሪያ አብሮ ያወጣል፣ ሕጉ መንግሥትን ስንት እንደሚያስወጣ የሚገልጽ ሰነድም አለው። ይህን ሰነድ አትዝለሉት። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሂሪንጉ እንምጣ። ኮሚቴው ሕዝቡን የሚሰማበት ቀን ማለት ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ድረ ገጹን በየቀኑ ማየት አለባችሁ፤ የረቂቁ ሁኔታ ሲለወጥ ኢሜይል የሚልክላችሁ ከሆነም ተመዝገቡ። የመናገሪያ ምዝገባው ቀደም ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ዋሽንግተን ስቴት ላይ ከቤታችሁ ሆናችሁ በቪዲዮ መናገር ትችላላችሁ፤ መናገር ካልፈለጋችሁም «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብላችሁ አቋማችሁን ብቻ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቴክሳስ ላይ ግን በአብዛኛው እዚያው በአካል መገኘት አለባችሁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ደውሉ፣ ከሌለ አብሯችሁ የሚቆም ሰው ያዙ።

የሚሰጣችሁ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ሰው ከበዛ ወደ አንድ ያወርዱታል። እኔ የመጀመሪያ ቀን አምስት ገጽ ጽፌ ገባሁ። ስለ ዓለም ሙቀት ጀመርኩ፣ ስለ በረዶ መቅለጥ ቀጠልኩ፣ የልጄ ጉዳይ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰዓቱ አለቀ። ስወጣ አንዲት የቢሮ ረዳት ኮሪደር ላይ ተከትላኝ መጣችና «ምን እንዲደረግልሽ ነበር የፈለግሽው?» አለችኝ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ከሥራ ቀርቼ፣ የፈለግኩትን ሳልናገር ነው የወጣሁት። ያን ቀን መኪና ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ።

አሁን እንዲህ ነው የምለው፦

«ክብርት ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት። ስሜ እገሊት ይባላል፣ ከባድ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ እንዳይቆሙ የሚከለክለውን ይህን ረቂቅ እደግፋለሁ። የምኖረው ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት መንገድ ዳር ነው። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ አስም አለባት። መኪኖቹ ሞተር ሳያጠፉ ባደሩበት ሌሊት መስኮት ዘግተን ነው የምናድረው፣ እንዲያም ሆኖ መተንፈሻዋን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። በረቂቁ ውስጥ መጋዘኖችን ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ ተጨምሯል። በኛ ሰፈር መኪኖቹ የሚቆሙት መጋዘን በር ላይ ነው። ያንን አንቀጽ አውጥታችሁ ረቂቁን እንድታሳልፉልን እለምናችኋለሁ። አመሰግናለሁ።»

ይኸው ነው። ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንደደረሰብሽ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ። ቁጥር መጨመር ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ ጨምሩ፣ ያውም ቢጠይቋችሁ የምታስረዱትን። ሳይንሱን የሚያስረዱ ባለሙያዎች እዚያው ይኖራሉ። የእናንተን ቤት የሚያውቅ ግን ከእናንተ ሌላ የለም። እቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ረጅሙን ጽሑፍ መጣል አያስፈልግም፣ በጽሑፍ አስገቡት።

ስልክ መደወልም ቀላል ነው። የሚያነሳው ረዳት ነው፣ እሱን አትናቁት፤ ስንት ሰው ደግፎ ስንት ሰው ተቃውሞ እንደደወለ የሚመዘግበው እሱ ነው። ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ የረቂቁን ቁጥርና አቋማችሁን ንገሩት። ድርጅቶች የሚያዘጋጁትን አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ባይከፋም፣ በራሳችሁ ቃል የተጻፈ አራት መስመር ይበልጣል።

ከሂሪንጉ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱ ገብቶ ይረሳል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የኩባንያ ሎቢስቶች፣ ማለትም ተወካዮችን እንዲያግባቡ ኩባንያ የሚከፍላቸው ሰዎች፣ በየቀኑ እዚያው ናቸው፤ ረቂቁን መጣል ካልቻሉ በማሻሻያ ያለሰልሱታል። ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ ሕግ አይቻለሁ። ማሻሻያ ሲገባ አዲሱን ጽሑፍ አንብቡ፣ ያቀረበው ተወካይ ቢሮ ደውላችሁም «ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ወጥመድ የበጀት ኮሚቴው ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ ረቂቅ ከአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴው በደስታ ወጥቶ እዚያ ድምፅ ሳይሰጥበት ሊቀር ይችላል። የኛም ረቂቅ በሁለተኛው ዓመት የቆመው እዚያ ነው። ሰነዱን አትዝለሉት ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ወጪውን ቀድሞ ያወቀ ሰው የበጀት ኮሚቴው አባላት ጋ ቀድሞ ይደውላል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማኅበር ካላችሁ ተነጋገሩ። «እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» የሚል መልስ ይመጣል። ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ እምነት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ ክልክል ነው፣ እውነት ነው። ስለ ረቂቅ ሕግ አስተያየት መስጠት ግን ከሥራው ትልቅ ድርሻ እስካልያዘ ድረስ ይፈቀድለታል። አሥር ሰው በአንድ መኪናና በአንድ ቫን ሄዶ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ኮሚቴው ያያል።

በመጀመሪያው ዓመት ካልሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ኦሪገን ውስጥ ሪቻርድ ቻምበርስ የሚባል አንድ ሻጭ ባሕር ዳር የሚጣለው ጠርሙስና ጣሳ አናድዶት በ1968 የስቴት ተወካይ ለነበሩት ለፖል ሃነማን ደወለ። ረቂቁ በ1969 ቀርቦ ወደቀ። በ1971 አለፈ። ጠርሙስና ጣሳ ለሚመልስ ሰው ሲገዛ ያስያዘውን ገንዘብ የሚመልሰው፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሕግ እሱ ነው። ሜሪላንድም የፎም የምግብ ዕቃን በ2019 ያገደችው ረቂቁ በቀደሙት ዓመታት ቀርቦ ሳይሳካ ከቀረ በኋላ ነው፤ ገዢው አልፈረሙበትም፣ አልሻሩትምም፣ እንዲሁ ሕግ ሆነ።

ጉባኤው በተዘጋ ሳምንት ለተወካያችሁ ደውሉ። ደግፈው ከነበረ አመስግኑ፤ ተቃውመው ከነበረ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። ከዚያ ለበጋው ቀጠሮ ያዙ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ። በዚያን ጊዜ ቢሯቸው ጸጥ ያለ ነው፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚያቀርቡትን ረቂቅ የሚያስቡትም ያኔ ነው። እኔ ሰፈሩን በእግር እንዲያዩት ጋብዣቸዋለሁ፣ መኪኖቹ በሚቆሙበት ሰዓት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ።