ፌስታል ተከለከለ ሲሏችሁ መጀመሪያ ማን እንደከለከለ ጠይቁ

አቦ ድሬ ታይዋንም ሆነ ሐረር ሸዋ በር የምትነግዱ፣ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ፌስታሉን ሲያነሳባችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አዋጅ ነው፣ ደንብ ነው፣ መመሪያ ነው ወይስ ደብዳቤ ብቻ? ቁጥሩን ጻፉት፣ ወረቀት ካሳዩዋችሁ ፎቶ አንሱት።

ዋናው ክልከላ የፌደራል ነው። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዛ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትና ማስገባት ነበር የከለከለው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው እስካሁን የኔ እኮ ወፍራሙ ነው እያለ የሚከራከረው፣ በ2017 ፓርላማ ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን አንዴ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል ጭራሽ ከልክሎ ይዞ የተገኘ ሰው ላይ ራሱ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። ስለዚህ በውፍረት አትከራከሩ። ቀበሌው ለኛ ሰፈር ፈቅደናል ቢላችሁም አትመኑ፣ የፌደራል አዋጅ ማንሳት አይችልም፣ ቅጣቱ ሲመጣ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ።

እዚህ ጋ ድሬና ሐረር ይለያያሉ። ሐረሪ ክልል ነው፣ ምክር ቤቱ የራሱን አዋጅ ያወጣል። ድሬ በቻርተር፣ በ1996ቱ አዋጅ 416 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌደራል የሆነ ከተማ ናት። የ1995ቱ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 ክልሎች ከፌደራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፣ የላላ ግን አይችሉም ይላል። እኔ ዋናው ክልከላ ከፌደራል መምጣቱን እደግፋለሁ፣ ምክንያቱም ድሬ ብቻዋን ብትከለክል ፌስታሉ በማግስቱ ከጎረቤት በአይሱዙ ይገባ ነበር። እና ከድሬ ጭናችሁ ሐረር የምታራግፉ ሰዎች የሁለቱንም ጠይቁ፣ የጠበቀውን ያዙ።

የቆሻሻ ማንሳቱ፣ የገንዳው፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበራቱ ጉዳይ ግን የከተማው ስራ ነው። ለቀፊራ ጉልት እናቶች፣ ለጫት ሻጮች ርካሽ ዘንቢልና የወረቀት ከረጢት እንዲቀርብ የምትጠይቁት እዛው መስተዳድሩ ጋ ነው፣ ይሄን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ አማራጭ ሳይኖር የምትጎዳው በቀን ትንሽ ብር የምታገኘዋ ናት። ጠርሙስና ቆርቆሮን በተመለከተ ገና የ1999ኙ አዋጅ ሰብስቦ መልሶ የመጠቀሙን ግዴታ አምራቹና አስመጪው ላይ ነው የጣለው፣ ባዶ ጠርሙሱና ቆርቆሮው ሱቃችሁ ውስጥ ከተከመረ አከፋፋያችሁን ያዙት።

ቅጣት ካለ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። አቤቱታ በጽሁፍ አስገቡ፣ ቀሪው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማህተም ሳታስመቱ ከቢሮ አትውጡ።