ነጭ ልብስ ሲያስቸግር፦ በረኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት

በማግስቱ ከተራ ነበር። ሰፈራችን ለአራት ቀን ጠፍቶ የከረመው ውሃ ማታ ላይ መጣ። ደስ ብሎኝ ገና ከቧንቧው እንደወረደ ሳፋ ሞላሁና ነጠላዬን ዘፈዘፍኩ። በደንብ ይንጣልኝ ብዬ አንድ ሲኒ በረኪና ጨመርኩበት። ጠዋት ሳነሳው መሃሉ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ዳመና ተኝቶበታል። አረንጓዴው ጥለት ገርጥቷል። ደንግጬ ሌላ በረኪና ደፋሁበት። ዳመናው ጭራሽ ደመቀ።

ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ነጭ ልብስ ንጹህ እንዲሆን በአብዛኛው በረኪና አያስፈልገውም። በረኪና እድፉን ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል፤ ቅባትና የሳሙና ትርፍ ግን አያወጣም። ቅባቱ ክሩ ውስጥ እንዳለ ቀለሙ ብቻ ሲጠፋ «ጸዳ» ብለን እናጥፈዋለን። ብዙ ሳይቆይ ቢጫው ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ።

ምልክት፦ ቢጫ ወይም ቡናማ ዳመና፣ በተለይ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ

የእኔ ነጠላ ጉድ ይህ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ያለው ዝገት ይላቀቅና ከመጀመሪያው ውሃ ጋር ይመጣል። ብረት ያለበት የጉድጓድ ውሃም እንደዚሁ ነው። በረኪና ደግሞ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የማይታየውን ብረት ወደ ዝገት ይለውጠውና ጨርቁ ላይ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው በጨመርኩ ቁጥር የባሰው።

መፍትሄው፦ በረኪናውን በብዙ ውሃ ሙልጭ አድርጋችሁ አለቅልቁ። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሲደርቅ አለቅልቁና ካልለቀቀ ድገሙት። ሎሚው ዝገቱን እያሟሟ ያወጣዋል። ለወደፊቱ ግን ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ነጭ ሲኒ ላይ ቀድታችሁ እዩት። ቀለም ካለው ጥቂት ይፍሰስ፤ ያ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

ምልክት፦ ብብትና ኮሌታ ላይ ቢጫ፣ ነጠላ ላይ ደግሞ ጭንቅላት የሚነካው መስመር

ላብ፣ የሰውነት ቅባትና ዲዮድራንት ናቸው። ነጠላ ላይ ቅቤም ይጨመራል፤ ጸጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሰው ነጠላ ግንባር ላይ የሚያርፈውን ቦታ በጣት ብትዳስሱት ታጥቦም ለስላሳና ከበድ ያለ ነው። በዚህ ላይ በረኪና ማድረግ ልፋት ነው። የላብ እድፍ ጭራሽ ይበልጥ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ቅባት የሚፈታው በሳሙና ነው። ደረቁ ጨርቅ ላይ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ላርጎ ጠብ አድርጉና በጣት እሹት። ሩብ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ኦሞ ዘፍዝፉት። የከረመ ቢጫ ከሆነ ከፋርማሲ 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ። ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሊጥ ሊጥ እስኪል ለውሱትና ለግማሽ ሰዓት ቀቡት። እሱም ያነጣል፣ ግን ክሎሪን የለውም፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚቀረው ውሃና ኦክስጅን ነው። ጥለቱን ግን አታስነኩት።

ምልክት፦ ልብሱ ታጥቦም ግራጫና ደብዛዛ ነው፣ ሲነኩትም ይሻክራል

ሰው ሁሉ በረኪና የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳሙና ማነስ ሳይሆን የሳሙና መብዛት ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ታጥቦ የደረቀ ነጭ አንሶላችሁን ሳሙና በሌለው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቱና እሹት። ውሃው አረፋ ካወጣ ወይም ከደፈረሰ ያ ሁሉ ያለፈው እጥበት ሳሙና ነው። ክሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አቧራ ይይዛል። እኔ ስሞክረው የወጣው ውሃ ሩዝ የታጠበበት ይመስል ነበር። ውሃ በጄሪካን በሚቀዳበት ቤት ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ማለቅለቅ ላይ ይቆጠባል። ከቆጠባችሁ አይቀር ኦሞው ላይ ቆጥቡ።

ውሃው ከባድ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት በሆነበት አገር ደግሞ ችግሩ ይበዛል። ድሬዳዋን ያየ ያውቀዋል፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ያ ካልሲየም ከደረቅ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ልብስ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ውሃ ባለበት ቦታ ከደረቅ ሳሙና ይልቅ የዱቄት ሳሙና ይሻላል።

መፍትሄው፦ አንድ ቀን ያለ ምንም ሳሙና፣ ጥጡ በሚችለው ያህል ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውሃው እስኪጠራ አለቅልቁ። የመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ሲኒ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ከዚያ ፀሐይ። እርጥብ ነጭ ጥጥ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ብርሃኑ ራሱ ያነጣዋል። ወንዝ ወርደው የሚያጥቡ እናቶች ሸማውን ሣር ላይ የሚዘረጉት በገመድ እጦት ብቻ አይደለም።

እነሱ ደግሞ ሳሙናቸው እንዶድ ነበር። ደርቆ የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ያወቁት። ያ ሁሉ ሸማ የነጣው በረኪና ሳያይ ነው። «በረኪና» የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ምልክት፦ የወጥና የእርድ እድፍ

አልጫ የፈሰሰበት ነጭ ልብስ ሳሙና ሲነካው ቀይ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተደናግጦ በረኪና ይደፋል። አትደንግጡ፤ እርድ ሳሙና ሲያገኝ ቀለሙን ይቀይራል፣ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ቅባቱን በላርጎ አውጡና ቀሪውን ቢጫ ለፀሐይ ስጡት። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። የበርበሬ ቀለምም ቅባቱ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ላርጎ፣ ቀጥሎ ፀሐይ። ደም ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

ምልክት፦ በረኪና ካየ በኋላ የገረጣ፣ የሳሳ ወይም ቢጫ የሆነ ልብስ

ይህ መመለሻ የለውም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ሱፍና ሐርን በረኪና ይበላቸዋል። ናይለንና ላስቲክ ያለበት ጨርቅ ቢጫ ይሆናል። ጥጥም ቢሆን በየሳምንቱ በረኪና ካየ ክሩ ይደክምና አንሶላው በእግር ጣት ይቀደዳል። ሱቅ ላይ የሚያበራው ነጭ ሸሚዝ ደግሞ የሚያበራው ፋብሪካ ውስጥ በተቀባ አብሪ ነገር ነው። በረኪና እሱን ያጠፋዋል። የልጁ የትምህርት ቤት ሸሚዝ በታጠበ ቁጥር የሚጠወልገው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በረኪና መቼ?

ቤት ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሰው ሲኖር። የነጭ ጥጥ ልብስ ላይ ሻጋታ ሲወጣ። እዚህ ላይ በረኪናን የሚተካው ጥቂት ነው፣ እኔም ለዚህ ብዬ አንድ ጠርሙስ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ልብሱን በሳሙና እጠቡና አለቅልቁ፤ ቆሻሻ ካለ በረኪናው በሱ ላይ ያልቃል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። 30 ደቂቃ ዘፍዝፉና በደንብ አለቅልቁ። በሲኒ መድፋት አያስፈልግም። ሙቅ ውሃና ብርሃን ያደክሙታል፤ መስኮት ላይ የከረመ በረኪና ሽታው እንጂ ጉልበቱ የለም።

ሁለት ነገር አደራ። በረኪናን ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። መርዛም ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ። በተለይ አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ክሎሮክስ የምትሉት ይኸው ነው። በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ከሌላ ማጽጃ ጋር አንድ ላይ ድፉ ብትባሉም አታድርጉት። ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ሁሉንም ትታችሁ ውጡ። ሁለተኛው፣ በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

የእኔን ነጠላ በሎሚና በጨው ሦስት ቀን አስጥቼ ዳመናው ለቀቀ። ጥለቱ ግን አልተመለሰም። አሁን ቤት ውስጥ ነው የምለብሰው፤ የሚቀጥለውን ጥለት በእጄ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ላርጎ፣ ሳልዘፈዝፍ ነው የማጥበው።