ጸበሉም ኪኒኑም፦ በእምነትና በሳይንስ ጉዳይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰው የሚሞትበትን ስህተት ላስቀድም። "ጸበል ከጀመርክ ኪኒኑን ተው" የሚለው ምክር ነው። ኤች አይ ቪ በከፋበት ዘመን እንጦጦ ወጥተው መድኃኒታቸውን ያቆሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በይፋ ተናገሩ። ነገሩ አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጣችሁ እዩ። ሐኪምን አክብር ይላል። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ቤታችሁ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ እባካችሁ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ጾም ሲገባ ሰዓቱን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገርበት።

ሌላው፣ "ሳይንስ መጽሐፍ ቅዱስን አረጋገጠ" ብሎ መቸኮል። ዦርዥ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ የፊዚክስ ሊቅም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው የሚል ጽሑፍ አወጡ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው፣ ዩኒቨርስ መጀመሪያ ነበረው የሚለው ሐሳብ መነሻው እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮሙ ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሐሳብ ከፍጥረት ታሪክ ጋር አያይዘው ሲያወድሱት፣ ያልተመቻቸው ራሳቸው ለሜትር ነበሩ። እኔ እኚህን ሰው በጣም እወዳቸዋለሁ። ንድፈ ሐሳብ ነገ ሊታረም ይችላል። እምነታችንን እሱ ላይ ከተከልን፣ እሱ በተነቃነቀ ቁጥር እኛም እንነቃነቃለን።

"ሳይንቲስት ሁሉ ከሃዲ ነው" የሚለውም ስህተት ነው። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ያጠኑት ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበሩ።

ልጆችን ዝም ማሰኘትም አለ። ልጃችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ሲባል ይሰማል። ማታ "ታዲያ አዳምስ?" ብሎ ይጠይቃል። "ዝም በል፣ ኃጢአት ነው" አትበሉት። መልሱን ካላወቃችሁ "አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ" በሉት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን እኮ ፋሲካን ለማውጣት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ሲያሰሉ ኖረዋል። ማስላትና መጠየቅ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ዛፍና አፈርን የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መተው። ደቡብ ጎንደርን ከሰማይ ብታዩት እርሻው ራቁቱን ነው። በመሀሉ ክብ ክብ አረንጓዴ አለ፤ እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው መከሩ። ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይግጥ ምእመናኑ ከማሳው የለቀሙትን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካቡት።