ለመክፈል አቅም የሌለውን ጎረቤት የጤና መድን አባል ማድረግ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአስኮና በአቃቂ ዙሪያ፣ ልብስ በማጠብ፣ እንጀራ በመጋገር፣ በቀን ሥራና በጉሊት የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች ሕመም ሲገጥማቸው «ይሻለኛል» እያሉ ይሰነብታሉ። የሚያስቀራቸው የጤና ጣቢያው ርቀት ብቻ አይደለም፤ የካርዱ፣ የላብራቶሪውና የመድኃኒቱ ወጪ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ጤና ጣቢያ በር ላይ የሚከበረው ግን ሰውየው የመድን ደብተር በእጁ ሲኖረው ነው፤ ደብተሩ ደግሞ መውጣት ያለበት ከመታመም በፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር በተለይ የሚመለከተው የአቅመ ደካማውን ጉዳይ ይዞ ወረዳ ድረስ ሊመላለስ የሚችለውን ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የእድር ሰብሳቢ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባም የገባ ሥርዓት ነው። የታሰበው መደበኛ ቅጥር ለሌላቸው ሰዎች ሲሆን፣ አባል የሚሆነውም አንድ ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። መክፈል የሚችለው ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል እንደማይችል በአካባቢው ሕዝብና በወረዳው የተረጋገጠለትን ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ቀደም ሲል ድሃ ሰው ነጻ ሕክምና ለማግኘት የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ ማጻፍ ነበረበት፤ በመድኑ ግን የከፈለውም የተከፈለለትም በአንድ ዓይነት አባልነት ስለሚታከሙ፣ ይህ ለሰው ክብር የሚበጅ ትልቅ ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ቤቱ የሚገኘው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ከተካለለና በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአንድ ታክሲ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ሰፈሮች በሁለት አስተዳደር ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። መዋጮው የሚሰበሰበውና ከጤና ተቋማት ጋር ውል የሚገባው በየአስተዳደሩ በመሆኑ፣ በሸገር ወገን የወጣ ደብተር በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ያገለግላል ብሎ መገመት አይገባም። በየሰፈሩ የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ በዳርቻው ብዙ ሰው ከመድኑ ውጭ የሚቀረውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ተከራይ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ሳይዝ ይመጣል፤ አከራዩ ደግሞ በቤቱ አድራሻ ሌላ ሰው እንዲመዘገብ አይፈቅድም፤ በዚህ መካከል ሰውየው ለዓመታት የኖረበት ሰፈር የማያውቀው ሰው ሆኖ ይኖራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ የተመዘገበ ውል የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ውሉ ገና ካልተመዘገበ አከራዩን በሽማግሌ ወይም በእድሩ በኩል ማነጋገር ይቻላል፤ አከራዮች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ተከራዩ ቤቱ ላይ መብት ያነሣብናል ብለው ስለሆነ፣ የሚፈለገው የሕክምና ጉዳይ መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ይጠቅማል። መሸኛውን ደግሞ አገር ቤት ያለ ዘመድ እንዲያስወጣ ቶሎ መላክ ያስፈልጋል።

መታወቂያው ሲገኝ፣ መክፈል ከማይችሉት ጋር ለመመዝገብ በምዝገባው ወቅት ወረዳው ድረስ ሄዶ ማመልከት ይገባል። አመልካቾችን የሚለየው የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ ኮሚቴ ነው፤ ይሁን እንጂ ትናንት የመጣን ተከራይ ማንም ላያውቀው ስለሚችል፣ ስለ እርሱ የሚመሰክር ጎረቤት አብሮ መገኘቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ችግር አለ። ልብስ አጥባ የምታድር እናት «ኑሮ እንዴት ነው?» ስትባል «ተመስገን፣ ደህና ነን» ትላለች፤ «ሥራ አለሽ?» ስትባልም «አለኝ» ብላ ትመልሳለች። መልሷ ጨዋነት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ገቢ ያላት ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ አስቀድሞ አብሯት ተቀምጦ በሳምንት ስንት ቀን ሥራ እንደምታገኝ፣ የቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንደምታሳድግና በቤቱ ውስጥ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ተጠቃሚ ከሆነች ማስረጃውን ማያያዝ ይገባል። ስሟ ከዝርዝሩ ከቀረ ቅሬታው በቃል ብቻ አይቅረብ፤ በጽሑፍ አስገብቶ ቀኑ የተጻፈበትንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ ይሻላል።

ደብተሩ ከወጣ በኋላ ሕክምናው የሚጀመረው ውል ካለው ጤና ጣቢያ ነው። በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል፣ ጉዳዩ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ ተሞልቶና ማኅተም ተደርጎበት ሳይያዝ ከጤና ጣቢያው መውጣት አይገባም። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ከሌለ፣ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሮጥ በፊት የመድኑን ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ አግኝቶ፣ ውል ያለው የከነማ ወይም ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን መጠየቅና የሐኪም ማዘዣውን በማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም።

ደብተሩ እስኪወጣ ድረስም ቢሆን ሰው ቤቱ መዋል የለበትም። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሕጻናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አባል ላልሆነም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 እና የከተማው እሳትና አደጋ 939 ይጠራሉ። በመኪና የተገጨ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና መብት ደግሞ በሕግ የተደነገገ ነው።

አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ መንግሥት የከፈለላቸውም ቢሆኑ ደብተራቸውን በእድሳቱ ወቅት ይዘው መቅረብ አለባቸው። ተከራይ ሰው ኪራይ ሲጨመርበት ሰፈር ስለሚቀይር፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከነበረበት ወረዳ መሸኛውንና የመድን አባልነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፎ ወደ አዲሱ ወረዳ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።